ከ«እኛ» ወደ «እኔ»፦ የጆን ሌነን የ1970 ሸክላ በሒስ ዓይን

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ የምትመነጭ፣ ተመልሳም ኅብረተሰብን የምታገለግል መሆኗ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው ጉዳይ አይደለም። አከራካሪው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ አንድ ከያኒ ስለ ራሱ ብቻ ሲናገር፣ የእናቱን ሞት፣ የአባቱን ጥሎ መሄድ፣ የገዛ ራሱን ፍርሃት ሲያንጎራጉር፣ ሥራው የሰፊው ሕዝብ ነው ሊባል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። «እኔ» ባይ ኪነት ግለኝነት ነው፤ ግለኝነትም የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው ይባልና መዝገቡ ይዘጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተዘጋውን መዝገብ እንደገና መክፈት ነው። ለዚሁም በምሳሌነት የተመረጠው፣ በዓለም ላይ እጅግ ገናና ከነበረው የሮክ ባንድ የወጣ አንድ የግጥምና የዜማ ደራሲ ብቻውን ቆሞ ያሳተመው ሸክላ ነው።

ሸክላው «ጆን ሌነን/ፕላስቲክ ኦኖ ባንድ» በሚል ስም በዲሴምበር 11 ቀን 1970 ታትሞ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ባንድ ይበል እንጂ «ፕላስቲክ ኦኖ ባንድ» ቋሚ አባላት ያሉት የሙዚቃ ጓድ አልነበረም። ሌነንና ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ እንደ ሁኔታው ከሚያሰባስቧቸው ሙዚቀኞች ጋር የሚሠሩበት መጠሪያ ነበር። ዘፈኖቹ ዐሥራ አንድ ሲሆኑ፣ ጠቅላላ ርዝመታቸው ወደ አርባ ደቂቃ ይጠጋል። የተቀዱትም በሴፕቴምበርና በኦክቶበር 1970 ለንደን በሚገኘው የኢኤምአይ ስቱዲዮ ነው።

የሸክላውን ምንነት ለመረዳት አስቀድሞ ሌነን ጥሎት የወጣውን «እኛ» መመርመር ያስፈልጋል። ቢትልስ የተባሉት አራቱ ወጣቶች የሊቨርፑል ልጆች ነበሩ። ሊቨርፑል በዐሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ከባሪያ ንግድ፣ ኋላም ከጥጥ ንግድ ሀብት ያካበተች የወደብ ከተማ ናት። ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር ዲንግል በተባለው የድሆች ሠፈር ተወለደ። ጆርጅ ሃሪሰን የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ነው። የፖል ማካርትኒ እናት አዋላጅ ነርስ ስትሆን፣ አባቱ በጥጥ ንግድ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ነበር። ሌነን ግን ከአምስት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ያደገው ዉልተን በተባለው የተሻለ ሠፈር፣ በአክስቱ ቤት ነው። አራቱ ከ1962 ጀምሮ ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ አንድ ዐይነት ልብስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አንድ ዐይነት አስተካክለው በአንድ ድምፅ ለዓለም ቀረቡ። ሌነንና ማካርትኒ የሚደርሷቸው ዘፈኖችም፣ አንዱ ለብቻው ቢደርሰው እንኳ፣ በስምምነታቸው መሠረት በሁለቱ ስም ይመዘገቡ ነበር።

ይህ ኅብረት በመጀመሪያ እውነተኛ ጓደኝነት እንደነበረ አይካድም። ነገር ግን ገበያው ያገኘውን ሁሉ ወደ ሸቀጥ የሚለውጥ በመሆኑ፣ የአራቱ ጓደኝነት ራሱ በሸክላ፣ በፊልምና በፎቶግራፍ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ባንዱ ከኦገስት 1966 በኋላ የሙዚቃ ጉዞ ማድረግ አቆመ፤ ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኘው መድረክ ቀርቶ ስቱዲዮው ብቻ ቀረ። በሴፕቴምበር 1969 ሌነን ከባንዱ መውጣቱን ለባልደረቦቹ በግል ነገራቸው፤ ዜናው ግን ለንግዱ አይበጅም ተብሎ ተሸሸገ። በኤፕሪል 1970 ማካርትኒ የራሱን ሸክላ ሊያወጣ ሲል መለያየቱ ለሕዝብ ተገለጸ። በእነዚህ ወራት ሁሉ ዓለም የሚያየው «እኛ» ባለቤት ያልነበረው «እኛ» ነው። ሰዎቹ ተለያይተው ስሙ ብቻ ይሸጥ ነበርና።

በዚያው በ1970 አራቱም ለየብቻቸው ሸክላ አሳተሙ። የማካርትኒ ሸክላ የቤት ውስጥ ሥራ ነው፤ መሣሪያዎቹን ሁሉ ማለት ይቻላል ራሱ ተጫውቶታል። ሃሪሰን በበኩሉ ለዓመታት በባንዱ ውስጥ ቦታ ያጡ ዘፈኖቹን አከማችቶ ሦስት ሸክላዎች በአንድ ዕቃ አቀረበ። የሌነን መንገድ ከሁለቱም ይለያል። እርሱ የመረጠው መቀነስን ነው።

በዚህ ረገድ ቅርጹ ልብ ሊባል ይገባል። በ1967 ሌነን ከባልደረቦቹ ጋር ሲሠራ ለአንድ ዘፈን ብቻ አርባ ያህል የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ተቀጥረው ነበር። በ1970 ሸክላ ላይ ግን ዘፈኖቹን የተሸከሙት በአብዛኛው ሦስት ሰዎች ናቸው። ሌነን በጊታርና በፒያኖ፣ ክላውስ ፎርማን በቤዝ ጊታር፣ ሪንጎ ስታር በከበሮ። ቢሊ ፕሬስተን በአንዱ ዘፈን፣ ፊል ስፔክተርም በሌላው ፒያኖ ተጫውተዋል። የሚያስገርመው ደግሞ ስፔክተር ከሌነንና ከኦኖ ጋር ከአዘጋጆቹ አንዱ መሆኑ ነው። ይህ ሰው የታወቀው መሣሪያ በመሣሪያ ላይ እየደራረበ፣ ድምፁን እንደ ግድግዳ በመገንባት ነው። እዚህ ግን ግድግዳው አልተገነባም። ከበሮው ያለ ጌጥ ይመታል፤ ቤዙ ከሚያስፈልገው ኖታ በላይ አይጨምርም፤ በአንዱና በሌላው ድምፅ መካከልም ባዶ ቦታ ይሰማል። ድምፃዊው የሚደበቅበት ጥግ የለውም። እንግዲህ ይህ ድህነት የገንዘብ እጥረት ያመጣው አይደለም፤ ከይዘቱ የተነሣ ቅርጹ ራሱ የጠየቀው ነው። ይዘትና ቅርጽ አንድ ናቸው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪዎቹ ለማሳየት ለሚሻ መምህር ይህ ሸክላ ጥሩ ማስረጃ ይሆነዋል።

ወደ ይዘቱ እንለፍ። የመጀመሪያው ዘፈን «እናት» የሚል ርእስ ያለው ሲሆን፣ የሚከፈተውም ፍጥነቱ ሆን ተብሎ በተቀነሰ፣ እንደ መርዶ በሚከብድ የደወል ድምፅ ነው። የሌነን አባት መርከበኛ ነበር፤ ልጁን በሕፃንነቱ ትቶት ሄዷል። እናቱ ጁሊያ ለእህቷ ሰጥታው ኖራ፣ በጉርምስናው ጊዜ እንደገና ስትቀርበው በባንጆ ላይ የመጀመሪያዎቹን የሙዚቃ ቅንብሮች ያስተማረችው እርሷ ነች። በጁላይ 1958፣ ሌነን የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ የነበረ አንድ ፖሊስ በሚያሽከረክረው መኪና ተገጭታ ሞተች። ዘፈኑ ይህን ታሪክ አይተርክም። ለእናትና ለአባት በጥቂት ቀላል ቃላት ይናገራል፤ ወደ ፍጻሜው ሲደርስም አንድ ዐይነት ልመና እየደጋገመ፣ ድምፁ ከዜማ ወደ ጩኸት እየተለወጠ ይሄዳል። የሸክላው የመጨረሻ ዘፈን ደግሞ በተራ የካሴት መቅረጫ የተቀዳ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ፣ ስለዚሁ የእናት ሞት የሚናገር ቁራጭ ነው። ሸክላው በእናት ተከፍቶ በእናት ይዘጋል።

ለእኛ ጆሮ ይህ ዐይነቱ ጩኸት ባዕድ አይደለም። በሙሾ ያደግን ሕዝብ ነን። ልዩነቱን ግን ማጤን ይጠቅማል። በእኛ ልማድ አልቃሿ ግጥሙን ስታወርድ የተሰበሰበው ሰው ይቀበላታል፤ ኀዘንተኛው ደረቱን ሲመታ የሚይዘው አለ፤ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ሠልስት ይወጣል። ኀዘኑ የአንድ ቤት ቢሆንም ሸክሙን መንደሩ ይካፈለዋል። በሌነን ዘፈን ውስጥ ግን ተቀባይ የለም። ሰውየው ይጮኻል፤ የሚመልስለት የሪንጎ ከበሮ ብቻ ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የተለቀሰ፣ ለቅሶ ደራሽ የሌለው ለቅሶ ነው። ይህ ጉድለት የዘፋኙ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውን ከሰው ለይቶ በየክፍሉ የሚዘጋው የካፒታሊስት ኅብረተሰብ ጉድለት መሆኑን ሸክላው በቀጥታ አይናገርም፤ ሆኖም ያሰማል። ኪነ ጥበብ ከመግለጫ የምትለየውም እዚህ ላይ ነው።

ሌነን ለዚህ ለቅሶ የበቃው በሌላ መንገድ እንደነበረም መጥቀስ ይገባል። በ1970 ከባለቤቱ ጋር በካሊፎርኒያ በአርተር ጃኖቭ ዘንድ ለወራት ሕክምና ተከታትሏል። የጃኖቭ ዘዴ የልጅነት ቁስል በጩኸትና በልቅሶ ሲወጣ ሰው ይድናል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነበር፤ በሥነ ልቡና ሳይንስ በኩል ግን የጸና ማረጋገጫ አላገኘም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ለሌነን ብቅል የሆነው ይህ ሕክምና ነው። ተቺው እዚህ ላይ አንድ የመደብ ጥያቄ ማንሣቱ ተገቢ ይሆናል። በሊቨርፑል ወደብ ሸቀጥ ሲያራግፍ የሚውል ሠራተኛ እናቱ ብትሞትበት፣ ካሊፎርኒያ ሄዶ ለወራት የሚያለቅስበት ዕረፍትም ገንዘብም የለውም፤ ቀብሮ በማግሥቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሌነን ሸክላውን ባሳተመበት ጊዜ የሚኖረው ለንደን አጠገብ፣ በ72 ኤከር መሬት ላይ በተንጣለለ የመሳፍንት መሳይ መኖሪያ ውስጥ ነው። የቅንነቱ ዋጋ በሀብቱ የተከፈለ መሆኑን ሸሽጎ ሸክላውን ማወደስ ሒስ አይሆንም።

ይህ ተቃርኖ ጎልቶ የሚታየው «የላብ አደር ጀግና» በተሰኘው ዘፈን ነው። በዚህ ዘፈን ላይ አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ አሉ፤ ከበሮ እንኳ የለም። ግጥሙ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሃይማኖትና ቴሌቪዥን አንድን ልጅ ከውልደቱ ጀምሮ እንዴት እያሳነሱና እያደነዘዙ ለአገዛዝ እንደሚያመቻቹት ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሁለት የስድብ ቃላት ስላሉበት የሸክላው አሳታሚ በብሪታኒያ ከታተመው የግጥም ጽሑፍ ላይ ቃላቱን አስወጣቸው። ቃላቱ አሳታሚውን ያስነወሩትን ያህል፣ ግጥሙ የሚያወግዘው ሥርዓት እንዳላስነወረው ልብ ይሏል።

ከዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ነጥብ እናንሣ። በሸክላው ላይ ካሉት ዘፈኖች አብዛኞቹ «እኔ» ሲሉ፣ ይህ ግን አድማጩን ይጠራል። በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል አንዱንም ብዙውንም፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ታናሹንም ታላቁንም የሚይዝ ነው። ግጥሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ግን «አንተ» ወይስ «አንቺ»፣ «እናንተ» ወይስ «እርስዎ» ሲል መምረጥ ግድ ይለዋል። «እናንተ» ቢል ዘፈኑ የስብሰባ ንግግር ይሆናል፤ «እርስዎ» ቢል ይቀዘቅዛል። የሚስማማው «አንተ» ይመስለናል፤ ምክንያቱም ዘፋኙ አንድን ሰው ለብቻው አስቀምጦ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ፣ ራሱንም ጨምሮ የሚናገር ስለሆነ ነው። ስለዚህ ይህ «አንተ» ከ«እኔ» ወደ «እኛ» የሚወስድ ድልድይ ነው። በአክስቱ ቤት ያደገው፣ በኋላም ባለ ብዙ ሀብት የሆነው ሰው ላብ አደር ነኝ ቢል ኖሮ ውሸት በሆነ ነበር። ግጥሙ የሚያነሣው የጀግንነት ጉዳይም በምሬትና በፌዝ የተሞላ በመሆኑ፣ ዘፋኙ ራሱን በዚያ ማዕርግ እንደማይሾም ይሰማናል።

«አምላክ» የተባለው ዘፈን ሸክላው ወደ ከፍተኛ ነጥቡ የሚደርስበት ነው። ሌነን በቢሊ ፕሬስተን ፒያኖ ታጅቦ ከእንግዲህ የማያምንባቸውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከሃይማኖት መጻሕፍት፣ ከጥንቆላ፣ ከነገሥታት፣ ከፖለቲካ መሪዎች፣ ከራሱ የሙዚቃ አርኣያዎች አልፎ በመጨረሻ የገዛ ባንዱን ስም ይጠራል። በዚያ ስም ላይ ሲደርስ ሙዚቃው ጸጥ ይላል። የባንዱ ወዳጆች ይህን እንደ ክሕደት ቆጠሩት። በእኛ አስተያየት ግን፣ ብዙዎች ጣዖት አድርገው የያዙትን ነገር የሠራው ሰው ራሱ ሲያፈርሰው፣ ለአድማጩ ያለውን አክብሮት መግለጹ ነው። አድማጩ ከአምላኪነት ወጥቶ ሰው እንዲሆን ይጠይቀዋልና።

ጉድለቱ የሚመጣው ከጸጥታው በኋላ ነው። ሁሉም ከፈረሰ በኋላ ምን ቀረ? ለሚለው ጥያቄ ሌነን የሚሰጠው መልስ ራሱና ባለቤቱ ብቻ የሚል ነው። ዐሥራ አምስት እምነቶችን ያወረደ ሰው ሁለት ሰዎች ብቻ ወደሚኖሩበት ክፍል ገብቶ በሩን ይዘጋል። ወደቡ፣ ዲንግል፣ የላብ አደሩ ልጅ፣ ከጥቂት ዘፈኖች በፊት «አንተ» ሲል የጠራው ሰው ሁሉ ከበሩ ውጪ ቀሩ። ሸክላው ከዘለቄታዊ ሥራዎች ተርታ የሚሰለፍ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ መንገዱን ሳይጨርስ የቆመ መሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለክርክራችን ወሳኝ ነው። በጃንዋሪ 1971 ሌነን ከግራ ክንፍ ጸሐፊዎቹ ከታሪቅ አሊና ከሮቢን ብላክበርን ጋር «ሬድ ሞል» ለተባለው ጋዜጣ ረዥም ቃለ ምልልስ አደረገ፤ በመጋቢት ገደማም «ሥልጣን ለሕዝብ» የሚል ርእስ ያለው ዘፈን አወጣ። ወደ ኒው ዮርክ ከተዛወረ በኋላም በ1972 ከዮኮ ኦኖ ጋር ባዘጋጀው የፖለቲካ ሸክላ ላይ የአቲካን እስረኞች፣ የአንጀላ ዴቪስን፣ የአየርላንድን ጉዳይ አነሣ። ጉዳዮቹ ሁሉ ፍትሐዊ ነበሩ፤ የያዘውም «እኛ» ነበር። ሆኖም ሸክላው በተቺዎች ዘንድ ክፉኛ ተነቀፈ፤ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥም የ1970ው ሸክላ 6ኛ ደረጃ ሲደርስ የ1972ው ከ48ኛ አልዘለለም። ሽያጭ የኪነ ጥበብ መለኪያ አለመሆኑን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ዛሬ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሁለቱን በተከታታይ ለሚያዳምጥ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። የ1972ው ዘፈኖች ከጋዜጣ ርእስ ላይ የተነሡ ናቸው፤ ጋዜጣው ሲያረጅ አብረው አረጁ። የ1970ው ጩኸት ግን ከሰው ውስጥ የወጣ በመሆኑ እናቱን ያጣ ሁሉ፣ በየትም አገር ይኑር፣ ይሰማዋል። የፖለቲካው ሸክላ የደከመው ፖለቲካዊ በመሆኑ ሳይሆን፣ ከያኒው ያልኖረበትን «እኛ» ተውሶ በመልበሱ ነው።

እንግዲህ በመግቢያው የተነሣው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። «እኔ» የሚል ሥራ ሁሉ ግለኛ አይደለም፤ «እኛ» የሚልም ሁሉ ሕዝባዊ አይደለም። በገበያ የሚሸጥ «እኛ» አለ፤ ለስብሰባ የሚለበስ «እኛ»ም አለ። ሁለቱንም አውልቆ ራሱን እንዳለ የሚያሳይ ከያኒ ለሕዝብ የሚቀርበው ገና ያኔ ነው። ይህን ስንል ግን «እኔ» ላይ መቆምን እያጸደቅን አይደለም። ሌነን የቆመበት የተዘጋ በር ከእርሱ በኋላ የሚመጡ ከያንያን ሊከፍቱት የሚገባ በር ነው።

ይህ ነገር ለራሳችን ሙዚቃ የሚለው ነገር አለ። በእኛ አሠራር ግጥሙን አንዱ፣ ዜማውን ሌላው ይደርሰዋል፤ ቅንብሩን ሦስተኛው ይሠራል፤ ድምፃዊው ደግሞ ይዘፍነዋል። ይህ የሥራ ክፍፍል ብዙ ድንቅ ሥራዎችን ያፈራ በመሆኑ ይፍረስ የሚል የለም። ነገር ግን «ቃሉ የማን ነው? በቃሉስ የሚጠየቀው ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ በአራቱ መካከል የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የኪነት ቡድኖችን የሚመሩ ካድሬዎችም ሆኑ ወጣቶችን ግጥም የሚያስተምሩ መምህራን፣ አንድ ተማሪ «እኔ» ብሎ ሲጀምር ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣታቸው በፊት እስከ መጨረሻው ቢያነቡት መልካም ነው። ያ «እኔ» እውነተኛ ከሆነ፣ ተማሪውን «ከአንተ ሌላ እንዲህ የሆነ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ወደ ሚቀጥለው ስንኝ ያደርሰዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ሁላችንም እንናገራለን፤ ድሩ እንዲያብር ግን አስቀድሞ እያንዳንዱ ክር በደንብ መፈተል አለበት።